ሌሎቹስ ለምን አመኑ?

አምባሰል ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ጆሯችን ላይ የሚደርሰው ቅኝቱ ነው፤ ማሩን የሚያስታውስም አይጠፋም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ውጫሌ ግን ስሟ የተያያዘው ከአንድ ወረቀት ጋር ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ አውቶቡሳችን ለምሳ ቆመና ቡና ከሚያፈሉ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥኩ። «እናቴ፣ ውሉ የተፈረመው የት ላይ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ይስማ ንጉሥ ነዋ ልጄ! ይሄንንም ሳታውቅ ነው አዲሳባ የምትኖር?» ብለው ከከተማው ወዲያ በእጃቸው አመለከቱኝ።

አጠገቤ የነበረ አንድ ተማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ ጣልያን አጣሞ እንደ ጻፈው ተምረናል። ሌሎቹ መንግሥታት ግን እኛን ሳይጠይቁ ለምን አመኑት?»

መቼም ፊደል የቆጠርን ሁሉ የውጫሌን ታሪክ የምናወራው እንደ አንዲት ቃል ታሪክ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ኮንት አንቶኔሊ ሲፈራረሙ፣ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ተስማምተዋል ወደሚል ግዴታ ወሰደው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተጣመመ ቃል ብቻውን አገር አይወስድም። በሮም መዝገብ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ አይጥ ይበላው ነበር። ወረቀቱን ጉልበት የሰጠው ከበርሊን የመጣ ሌላ ወረቀት ነው።

በ1877 ዓ.ም. አሥራ አራት መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው አፍሪካን በተመለከተ አንድ የጋራ ሰነድ ፈርመው ነበር፤ ከአፍሪካ የተጠራ አንድም አልነበረም። የሰነዱ 34ኛ አንቀጽ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው፦ ከፈራሚዎቹ አንዱ በአፍሪካ የባሕር ዳርቻ ላይ መሬት ቢይዝ ወይም ጥበቃ ቢያቆም ለሌሎቹ ያስታውቅ። የሚያስታውቀው ለፈራሚዎቹ ነው፤ ለባለ አገሩ አይደለም። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚናገረው ስለ ባሕር ዳርቻ ነው። ውጫሌ ሆኖ አምባሰልን ቀና ብሎ ያየ ሰው ባሕሩ ወዴት እንደሆነ ይጠፋዋል! ክሪስፒ ግን ጥቅምት 2 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚያው አንቀጽ መሠረት ለመንግሥታቱ አስታወቀ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ ሊደፉ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። የእሳቸው መልእክተኛ ደጃዝማች መኰንን ደግሞ ያን ሰሞን እዚያው ኢጣልያ ውስጥ በእንግድነት ይስተናገዱ ነበር።

ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፦ ማመን አልተጠየቁም፤ የተጠየቁት መቀበል ብቻ ነው። ዛሬ አንተ ያስታወቅኸውን ብጠረጥር ነገ እኔ የማስታውቀውን ትጠረጥርብኛለህ። የማኅበሩ ውስጠ ደንብ ይኸው ነበር። አንገራግራ የቀረችው በተለይ ሩሲያ ናት፤ እሷም ብትሆን የራሷን ጉዳይ አስባ እንጂ ለእኛ አንጀቷ ተላውሶ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ብራስልስ ላይ አሥራ ሰባት መንግሥታት የባሪያ ንግድን ለማስቆምና ወደ አፍሪካ የሚገባውን የጦር መሣሪያ ለመገደብ ተሰበሰቡ። ዓላማው የሚያስመሰግን ነው፤ ባሪያ ፍንገላ በአገራችን እንዳልነበረ አድርጎ መናገርም አያምርብንም። በጉባኤው ላይ ግን ስለ ኢትዮጵያ የምትናገረው ኢጣልያ ነበረች። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት መንገሣቸውን ለእንግሊዝና ለጀርመን ጽፈው፣ ከእርስዎ ጋር የምንነጋገረው በኢጣልያ በኩል ነው የሚል ምላሽ በመጣላቸው ጊዜ ነው። የደስታ ደብዳቤ ልኮ የሞግዚት ስም መቀበል!

ምኒልክ ያደረጉትን ሳስብ የሚደንቀኝ ዐድዋ ብቻ አይደለም። ከዐድዋ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ በወረቀት ተሟግተዋል። በ1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት ገልጠው ጻፉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለአውሮፓ መንግሥታት የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው፣ ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲካፈሉ ዝም ብለው እንደማይመለከቱ አስታወቁ። አንቀጽ 34ን በራሱ መሣሪያ መመለስ ማለት ይህ ነው። ውሉ በአምስት ዓመቱ ሊሻሻል እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ ስለነበረው፣ አንድ ዓመት አስቀድመው በየካቲት 1885 ዓ.ም. ማፍረሳቸውን አስታወቁ። አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ነበረ፤ የሐረር ጉምሩክ መያዣው ነው። ዕዳ ይዞ መሟገት እንደማያዋጣ ገብቷቸው ከፈሉት። (የዛሬ አበዳሪዎቻችንን ደጅ ለሚጠኑ ሰዎች ይህን ማስታወስ ደግ ነው።) መድፉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ አንዳች ገደብ አረጋገጠ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በጄኔቭ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በራስ ተፈሪ ዘመን ማለት ነው። ለመግባት የተጠየቅነው ሁለት ነገር ነበር፦ ባርነትን ማጥፋትና በጦር መሣሪያ ንግድ ደንብ መገዛት። ብራስልስ ላይ ያነጋገሩት እነዚያው ሁለት ጉዳዮች! እንግሊዝ መጀመሪያ አመነታች፤ ኢጣልያ በመጨረሻው ድጋፏን ሰጠች።

በ1928 ዓ.ም. መስከረም ፋሽስት ወሰን ሲሻገር ማኅበሩ ዝም አላለም፤ ይህን መካድ አይገባም። ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ በይፋ ፈረደ፤ ከኅዳር 8 ጀምሮም የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ቀደም ሲል የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ተብሎ የነበረው ክልከላ የጎዳው እኛን ነው፤ መድፍና አውሮፕላን ራሷ የምትሠራ አገር ምን ቸገራት? ኅዳር 26 ቀን ለውጫሌ ጎረቤት የሆነችው ደሴ በቦምብ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመታ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ሊናገሩ ሲነሡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ።

የጄኔቩን አባልነት የሞኝ እምነት ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። በ1882 ዓ.ም. ስለ እኛ የተናገረችው ኢጣልያ ነበረች፤ በ1928 ዓ.ም. ግን የራሳችን ሰው በራሳችን ቋንቋ ተናገረ፤ አዳራሹም መስማት ግዴታው ነበር። ንግግሩ አገር አላስመለሰም፤ ወረራው ሕጋዊ ነው ከሚል ማኅተም ግን አዳነን። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል የተቀመጥነውም እንደ አዲስ አመልካች ሆነን አልነበረም።

ይህንን ሁሉ ለልጁ አሳጥሬ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ «ታዲያ አንድም አልቆመልንም?» አለኝ።

«ቆመልን እንጂ። ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም አለች።»

«አደባባዩ?»

አገሩ ነው፤ አደባባዩ የተሰየመው ለምስጋና ነው፤ በዋና ከተማቸውም ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ አልኩት። እንዳላመነኝ ሁሉ ወደ ባለ ቡናዋ ዞሮ ሳቀ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ የቡናዬን ሒሳብ ከፍዬ ተነሣሁ።