በአንድ ዶላር ወደ በረዶው፦ የዴንቨር የደርሶ መልስ ጉዞ ታሪክ

የዴንቨር ከተማ ሕዝብ በጋራ ከያዛቸው ንብረቶች አንዱ ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሮኪ ተራሮች ማዶ ይገኛል። ዊንተር ፓርክ የሚባለው ይህ የበረዶ መንሸራተቻ እ.ኤ.አ. በጥር 1940 ሲመረቅ የቀን ቲኬቱ አንድ ዶላር ነበር። ባልና ሚስት ጠዋት ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ ባቡር ተሳፍረው፣ በበረዶው ላይ ሲንሸራተቱ ውለው፣ ማታ ቤታቸው መግባት ይችሉ ነበር። በዚያ ዘመን ስኪ ከትልልቅ ሆቴሎችና ከባለጸጎች ጋር ተያይዞ ይታይ ነበር። አንድ የከተማ አስተዳደር ለነዋሪዎቹ ብሎ ተራራ ማዘጋጀቱ ግን እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። ከጀርባው የከሰረ ባለ ባንክ፣ አሥር ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ፣ ለፓርክ ግብር የከፈለ ሕዝብ፣ ከግብዣው ውጭ ሆኖ የራሱን ተራራ የገዛ ማኅበረሰብም አለ።

ዴንቨር በምትገኝበት በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ስኪ የተጀመረው ለሥራ እንጂ ለመዝናኛ አልነበረም። በ1860ዎቹ ጆን ዳየር የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ በወርቅ ቆፋሪዎች መንደሮች መካከል በረጃጅም የእንጨት ስኪዎች እየተጓዘ ይሰብክ ነበር። ከስብከቱ የሚያገኘው ስላልበቃው ፖስታ ተሸክሞ ሞስኪቶ የተባለውን ከፍተኛ ማለፊያ በሌሊት ይሻገር ነበር፤ ሌሊቱን የመረጠው ብርዱ በረዶውን ስለሚያጠነክረውና እግር ስለማይሰምጥ ነው። የሰባኪው ምስል ዛሬ በኮሎራዶ ምክር ቤት ሕንፃ ጉልላት ላይ በባለ ቀለም መስታወት ተሥሏል።

ሥራውን ወደ ጨዋታ የለወጠው ካርል ሀውልሰን የተባለ ኖርዌያዊ ግንበኛ ነው። አሜሪካ እንደገባ በባርነም ኤንድ ቤይሊ ሰርከስ ውስጥ በስኪ እየዘለለ ተመልካች ያስደንቅ ነበር። በኋላ ዴንቨር መጥቶ ድንጋይ እየጠረበ ኖረ፤ በ1912 ሆት ሰልፈር ስፕሪንግስ በተባለች ትንሽ ከተማ በተካሄደው የበረዶ በዓል ላይ ያሳየው ዝላይም የአካባቢውን ሰው ለስኪ ቀሰቀሰው። ከዚያ ወደ ስቲምቦት ስፕሪንግስ ተዛውሮ የከተማዋን ልጆች አስተማረ። በስሙ የሚጠራው ሀውልሰን ሂል እስከ ዛሬ የስቲምቦት ከተማ ንብረት ነው። በሰሜን አሜሪካ ሳይቋረጥ በመሥራት ላይ ካሉት የስኪ ስፍራዎች ቀዳሚውም እርሱ ነው።

በዚያው በ1912 የዴንቨር መራጮች ከከተማዋ ውጭ ለሚሠሩ የተራራ ፓርኮች የሚውል ልዩ ግብር አጸደቁ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ለብዙ ቀን ዕረፍት አቅም የሌለው ሠራተኛ በአንድ ቀን ተራራ ደርሶ የሚመለስበት ቦታ ይኑረው የሚል ነው። ጄኔሲ ፓርክ የመጀመሪያው ሆነ፤ ዛሬም ከአውራ ጎዳናው ዳር የጎሽ መንጋ ይታይበታል። በ1928 ከተማዋ በቀይ ቋጥኞች የተከበበውን ሬድ ሮክስን ገዛች። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ መንግሥት ሥራ የሰጣቸው ወጣቶች በሁለት ቋጥኞች መካከል የቲያትር መድረክ ሠሩ፤ መድረኩም በ1941 ተመረቀ። ኮንሰርት በሌለበት ቀን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል።

እነዚህ ፓርኮች ግን ሁሉም ከተራሮቹ ወዲህ ናቸው። በረዶው በብዛት የሚቆለለው ከማዶ ነበር፤ ወደዚያ ለመሻገር ደግሞ ተራራውን የሚያቋርጥ ባቡር ያስፈልግ ነበር።

ዴቪድ ሞፋት የተባለ የዴንቨር ባለ ባንክ ሀብቱን በሙሉ ያፈሰሰው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የዘረጋው ሐዲድ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሮሊንስ ማለፊያ ላይ ይሻገር ነበር፤ በብርዱ ወራት በረዶ እየቀበረው ባቡሮች ለቀናት መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። ሞፋት የተመኘውን ዋሻ ሳያይ በ1911 ሞተ። ዋሻው የተጀመረው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ሥራው የ28 ሠራተኞች ሕይወት ጠይቆ በየካቲት 1928 የመጀመሪያው ባቡር አለፈበት። ርዝመቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ ከጨለማው ሲወጣ ከፊቱ በረዶ የለበሰ ዳገት ይጠብቀዋል፤ የዋሻው ሠራተኞች ትተዋቸው የሄዱ ጎጆዎችም በቦታው ነበሩ። የዴንቨር ስኪ ወዳዶች ጎጆዎቹን ማደሪያ አደረጓቸው።

የሞፋት ሐዲድ ወደ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ሌላ ታሪክ ባለበት ሸለቆ ያልፋል። ሊንከን ሂልስ የተባለው ይህ ስፍራ በ1922 ለጥቁር አሜሪካውያን ዕረፍት ተብሎ የተመሠረተ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁሮችን አብዛኛው የተራራ ሆቴል አይቀበላቸውም ነበር፤ ስለዚህ የራሳቸውን ቦታ ገዙ። አነስተኛ መሬት በየወሩ ጥቂት ዶላር እየተከፈለ የሚገዛ ስለነበር ተራ ደመወዝተኛ ባልና ሚስትም ጎጆ የሚሠሩበት ቁራሽ ሊኖራቸው ቻለ። ኦብሪ ዌንደል ሃምሌት፣ በቅጽል ስሙ ዊንክስ፣ በዚያው በ1920ዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ገነባ። እንግዶች በሞፋት ባቡር መጥተው አሣ ያጠምዳሉ፣ በእግር ይንሸራሸራሉ፣ ጥሩ ምግብ ይበላሉ። የጥቁር ልጃገረዶች የበጋ ካምፕም በዚያው ተከፍቶ ነበር፤ የነጮቹ ካምፖች ስለማይወስዷቸው ነው። የዊንክስ ማረፊያ ቤት አሁን በአገር አቀፍ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው የከተማዋ የደርሶ መልስ ፖሊሲ ሁሉንም እኩል ያገለግል ስላልነበረ ነው። ዊንተር ፓርክ ሲቋቋም ከንቲባ የነበረው ቤንጃሚን ስቴፕልተን በ1920ዎቹ የዘረኛው ድርጅት የኩ ክሉክስ ክላን አባል ነበር። በስሙ ይጠራ የነበረው የዴንቨር ሰፈር በ2020 ስሙ ተለውጧል።

ዊንተር ፓርክን ያቋቋመው የከተማዋ የፓርኮች ኃላፊ ጆርጅ ክራንመር ነው። ሬድ ሮክስንም ያሠራው እርሱ ነበር። ዋሻው አለ፤ ባቡሩ አለ፤ ዳገቱ ከጣቢያው አጠገብ ነው። ክራንመር ከደን ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ፣ ከፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ፣ ከዜጎችም መዋጮ አሰባስቦ ዛፍ አስመነጠረ፤ ሰውን ሽቅብ የሚጎትት ገመድም አስተከለ። አንድ ዶላሩ ያኔም ቢሆን ገንዘብ ነው፤ በዛሬ ዋጋ 22 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቢሆንም የፋብሪካ ሠራተኛም፣ የቢሮ ጸሐፊም ሊከፍለው የሚችል ነበር።

ከባቡሩ በጣም የተጠቀሙት ልጆች ናቸው። በ1939 የተመሠረተው ኤስኪሞ የተባለ የልጆች ስኪ ክለብ ቅዳሜ ቅዳሜ የዴንቨር ተማሪዎችን በፉርጎ ሞልቶ ይወስድ ነበር። በዚህ መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወላጆቻቸው ሳይከተሏቸው ስኪ ተምረዋል። በ1970 ደግሞ ሃል ኦሊሪ የተባለ አሠልጣኝ ከዴንቨር የሕፃናት ሆስፒታል የመጡ፣ እጅ ወይም እግር ያጡ 23 ልጆችን በዊንተር ፓርክ አስተማረ። ያ ትምህርት አድጎ የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ የስፖርት ማዕከል ሆነ፤ ዛሬም እዚያው ይሠራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኮሎራዶ ስኪ መልኩን ቀየረ። በካምፕ ሄል የሠለጠኑት የአሥረኛው የተራራ ክፍለ ጦር ወታደሮች ከግንባር ተመልሰው አስፐንን፣ አራፓሆ ቤዚንን፣ በ1962ም ቬይልን በማቋቋም ተሳትፈዋል። በ1973 የአይዘንሃወር የመኪና ዋሻ ሲከፈት ከዴንቨር ወደ እነዚህ ስፍራዎች በመኪና መሄድ ቀለለ፤ እሑድ ማታ ወደ ከተማ የሚመለሰው የመኪና ሰልፍም የዚያ ዋሻ ውርስ ነው። የዚያ ዘመን ነዋሪ ግን ለተራራው ማንኛውንም ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ አልነበረም። ዴንቨር የ1976ን የክረምት ኦሊምፒክ እንድታዘጋጅ ተመርጣ ሳለ፣ የኮሎራዶ መራጮች በኅዳር 1972 ወጪውንና የተፈጥሮ ጉዳቱን ፈርተው ገንዘቡን ከለከሉ፤ ውድድሩም ወደ ኢንስብሩክ ሄደ።

በዚያው በ1973 በአስፐን አንድ ስብሰባ ተደረገ። ቤን ፊንሊና አርት ክሌይ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከየከተማው የጥቁር ስኪ ክለቦችን ጠርተው በአንድነት እንዲንሸራተቱ አደረጉ። ከዚያ ስብሰባ የተወለደው የጥቁር ስኪ ክለቦች ብሔራዊ ማኅበር አሁንም ጉባኤውን በየተራራው ያካሂዳል።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ታሪክ የገቡት ዘግይተው ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ በአክሱም ስም የተሰየመ ፓርክም አላት። ከፍታው ለደገኛ አዲስ አይደለም፤ ራስ ዳሸን ከኮሎራዶ ከፍተኛ ተራራ ከኤልበርት 150 ሜትር ያህል ይበልጣል። የኢትዮጵያ ተራሮች ግን ለምድር ወገብ ስለሚቀርቡ የወረደው በረዶ አይቆይባቸውም። እዚያ ስኪ መማር ስለማይቻል ነው በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው።

የዊንተር ፓርክ የዋጋ ታሪክ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቷል። በ1998 ዊንተር ፓርክ አራት ሰዎች አብረው ከገዙ ለእያንዳንዳቸው የሙሉ ወቅት ፓስ በ200 ዶላር ሸጠ፤ ተፎካካሪዎቹም ዋጋ ለመቀነስ ተገደዱ። በ2002 ከተማዋ ባለቤትነቷን ይዛ የማስተዳደሩን ሥራ ለግል ኩባንያ በሊዝ ሰጠች፤ በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ታገኛለች፤ ገንዘቡ ለከተማዋ ፓርኮች ይውላል። በመጋቢት 2009 ደግሞ ከ69 ዓመት አገልግሎት በኋላ የስኪ ባቡሩ ቆመ።

ባቡሩ በ2015 ለሙከራ ተመልሶ በ2017 መደበኛ ሆነ። በ2024 ክፍለ ግዛቱ በሰጠው ድጎማ የአንድ ጉዞ ቲኬት ዝቅተኛ ዋጋ እስከ 19 ዶላር ወርዶ ነበር፤ ባልና ሚስት ደርሶ መልስ በ76 ዶላር መሄድ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ባቡሩ በሊንከን ሂልስ በኩል አልፎ፣ በሞፋት ዋሻ ወጥቶ፣ ከዳገቱ ሥር ይቆማል። የቀን የስኪ ቲኬት ግን ከቲኬት መሸጫው መስኮት ሲገዛ በደራ ወቅት ከ200 ዶላር ያልፋል። ክራንመር ያሰበላቸው ሠራተኞች ባቡሩን ዛሬም ይከፍሉታል፤ ተራራውን ግን ብዙዎቹ አይችሉትም። ስፍራው የከተማዋ ንብረት እስከሆነ ድረስ፣ ዋጋው ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ የኩባንያው ብቻ ሳይሆን የዴንቨር ነዋሪዎችና የመረጧቸው ተወካዮችም ነው።