ግንብ የሌለው ቤተ መንግሥት

ጎንደርን ያየ ሰው ታሪክን በግንብ መለካት ይለምድበታል። እኔም ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቼ፣ የውሽውሽን ሻይ ተክል አልፌ ቦንጋ ስገባ ዓይኔ የሚፈልገው ያንኑ ነበር፤ የካፋ ነገሥታትን ግንብ።

ግንብ ግን የለም። አንድ አዛውንት ብጠይቃቸው ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ወደ ጅማ ስትሄድ ጎጀብን ትሻገር የለም እንዴ? አጥራችን እሱ ነበር» አሉኝ።

ቀልድ አልነበረም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደተመሠረተ የሚነገርለት የካፋ መንግሥት፣ በሰሜን ጎጀብን፣ በምሥራቅ ኦሞን መከታ አድርጎ፣ ወንዝ በሌለበት ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ፣ በደን ተከልሎ የኖረ ነው። ነጋዴ የሚገባው ዘብ በቆመባቸው በሮች ነበር። በቦንጋ ገበያ ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ክብሩን ስናነሣ ይህን መሸሸግ አይገባንም።

የነገሥታቱ መቀመጫ አንደራቻ ከቦንጋ ብዙም አትርቅም፤ በሸካ በኩል ካለችው ስመ ሞክሼዋ ጋር አትምታታብዎ። ቤተ መንግሥቷ የእንጨት ሥራ ነበር። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ሲዘምት ካፋ ለወራት ተዋጋ፤ ቤተ መንግሥቱ ነደደ። በመስከረም 1890 የመጨረሻው ታቶ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ። ዘውዱ እንኳ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ እጅ ባሕር ተሻግሮ፣ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው።

ድንጋይ ቢፈርስ ፍራሹ ይመሰክራል። እንጨት ሲነድ ግን ምስክሩ ሰው ብቻ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋ ደርሶ ስለ አገሩ ሁለት ቅጽ ጽፏል። እኛስ? ያ አጥር የነበረው ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል። ቦዩ የት የት እንደሚያልፍ፣ በሩ የት እንደነበረ የሚያውቁት አዛውንት ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። የፋሲል ግንብ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ አገር ይጮኻል፤ እዚህ አንድ ሽማግሌ ሲቀበር የሚሰማው ጎረቤት ብቻ ነው።

በማግስቱ አውቶቡሳችን ጎጀብ ደረሰ። መስኮቱን ከፍቼ ቁልቁል አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ምን እንደማይ ጠየቀኝ።

«የካፋን አጥር» አልኩት።

እሱም አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። የቦንጋ ልጅ ነው፤ ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር።