ደመወዝተኛው አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛው ከወር ወጪው የተረፈችውን ገንዘብ ሲያስቀምጥ የኖረው በዕቁብ፣ በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲሁም በባንክ ሂሳብ ነው። ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት አክሲዮን በእነዚህ ላይ ተጨምሯል። የነቀምቴው ጨለለቂ ነዋሪ የሆነ መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ባለሙያ ዛሬ አክሲዮን ለመግዛት የግድ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አያስፈልገውም። በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን አለ፤ ገንዘቡ ተመልሶ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የአክሲዮን ግብይት ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የተጀመረው የአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተቋርጧል። የባንክ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ከተፈቀደ በኋላ አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተመሠረተ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በ1997፣ ኦሮሚያ ባንክም በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አክሲዮኑን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢውን ራሱ አፈላልጎ ማግኘት ነበረበት። ልጅ ለማስተማር ወይም ቤት ለመሥራት በቀጠሮ የሚፈለግ ገንዘብ በአክሲዮን ላይ መዋል የለበትም የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጀማሪ በጣም የሚያጓጓው፣ በጣም የሚያሰጋውም፣ በምሥረታ ላይ ያለ ማኅበር አክሲዮን ነው። ማኅበሩ እስኪቋቋምና አትራፊ እስኪሆን ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ጭራሽ ሳይመሠረት የሚቀርም አለ። ገዢው ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ዝግ የባንክ ሂሳብ መግባቱን፣ የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ የሚጠየቀው ደግሞ ምሥረታው ባይሳካ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በየቢሮው እየዞረ የሚሸጥ ወኪል የሚናገረው ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ሥራ ላይ የቆየ ኩባንያን አክሲዮን የሚመርጥ ሰው በአንጻሩ ያለፉትን ዓመታት የኦዲት ሪፖርት አገላብጦ ማየት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ስሌት አለ። 1 ሺህ ብር ዋጋ የተጻፈበትን አክሲዮን በ1 ሺህ 500 ብር የገዛ ሰው፣ ኩባንያው 20 በመቶ የትርፍ ድርሻ ቢከፍል የሚያገኘው 200 ብር ነው። ይህም ካወጣው ገንዘብ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ግብሩም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ከዋጋ ንረቱ ጋር መነጻጸር ያለበት ይህ የተጣራው ገቢ እንጂ በማስታወቂያ የሚነገረው 20 በመቶ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ከአዋጅ ቁጥር 1248/2013 በኋላ የተከፈተው ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያቋቋመ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። በገበያው በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የድርሻውን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን በቴሌብር አቅርቦ ነበር። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9 ሺህ 900 ብር ነበር። ሽያጩ የካቲት 7 ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተዋል። ከቀረበው አብዛኛው ሳይሸጥ መቅረቱ ሕዝቡ ገና እያመነታ መሆኑን ያሳያል። ማመንታቱም የሚያስወቅስ አይደለም። ለሕዝብ በሚቀርብ ሽያጭ ላይ ባለሥልጣኑ ያጸደቀውን ፕሮስፔክተስ የተባለ መግለጫ ጠይቆ ማንበብ፣ በተለይም ስጋቶችን የሚዘረዝረውን ክፍል፣ የጀማሪው ዋና ሥራ ነው።

የሦስት ባንኮችን አክሲዮን የያዘ ሰው ስጋቱን አከፋፍያለሁ ብሎ ማሰብ አይገባውም፤ ሁሉም በአንድ ዘርፍ ውስጥ ናቸውና። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዟል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች ከፍቷል። ካፒታል ሲያድግ ነባሩ ባለአክሲዮን ተጨማሪ ገንዘብ ካላዋጣ የድርሻው መጠን ይቀንሳል። በክፍፍል የሚከፈል አክሲዮን የፈረመ ሰውም ቀሪው ዕዳ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ አክሲዮን መግዛት ለደመወዝተኛ ከሁሉ የከበደው ምርጫ ነው። የብድሩ ክፍያ በየወሩ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ የትርፍ ድርሻ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ እሱም ትርፍ ሲገኝና ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን የሚመጣ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የተዛወረ ሠራተኛ አዲሱን አድራሻውንና የባንክ ሂሳቡን ለኩባንያው የአክሲዮን ክፍል ማሳወቅ፣ ደረሰኙንና የምስክር ወረቀቱንም ወራሾቹ በሚያውቁት ቦታ ማኖር ይጠበቅበታል።