የዶርዜ ዘፈን ወደ ሸክላ የበቃበት ጅማሬ

በጋሞ ዞን ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በጨንቻ ደጋ የሚኖረው የዶርዜ ሕዝብ በሀገር ውስጥ በሽመና ጥበቡና ከቀርከሃ በሚሠራቸው ረጃጅም ቤቶቹ ይታወቃል። በሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ ግን ስሙ የሚነሣው በባለብዙ ድምፅ ዘፈኑ ነው።

በአብዛኛው የሀገራችን ዘፈን ተቀባዩ አንድ ዜማ ይዞ አውጪውን ይከተላል። በዶርዜ ግን የተለያዩ ዜማዎች በአንድ ጊዜ ይደራረባሉ። መሪዎቹ ከላይ ሲያዜሙ የተቀሩት አጭር ሐረግ እየደጋገሙ መደቡን ይይዛሉ። ልጆችም በጽሑፍ ሳይሆን በመስቀል በዓልና በሠርግ ከታላላቆቻቸው ጋር እያዜሙ ይማሩታል።

ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ ይህን ዘፈን በደጋው ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ1977 «ሻን ዱ ሞንድ» በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በኩል በሸክላ እንዲወጣ አድርገዋል። አምኃ እሸቴ በአዲስ አበባ የሸክላ ኅትመት የጀመሩት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። ይሁንና የከተማው ገበያ የሚፈልገው አንድ ድምፃዊና ከጀርባው የተሰለፈ ባንድ ነበር። የግጥሙም ሆነ የዜማው ባለቤት መንደሩ በሙሉ የሆነበት ዘፈን ለሽፋኑ የሚሆን አንድ ስም አልነበረውም።

በሽመና ሥራ ምክንያት በርካታ ዶርዜዎች ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ፈልሰዋል። ሸማኔው የሸማ ዕቃውን ብቻውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዘፈኑን ግን የሌሎቹን ድምፆች የሚይዙ ሰዎች ካላገኘ ሊያነሣው አይችልም።