ስለ ቮላር የኅትመት ሥዕሎች እውነተኛነት

በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ በተወሰነ ቁጥር የታተመ ሥዕል ብቻውን የሚገኝ ነገር ስላይደለ፥ እውነተኛነቱን የሚመረምር ሰው ከሠዓሊው እጅ ይልቅ በአሳታሚው ታሪክና በወረቀቱ ላይ ማተኰር ይገባዋል። ለዚህ አስረጅ የሚሆኑን የፓብሎ ፒካሶ መቶ ሥዕሎች ናቸው፤ ገዢዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በእነዚህ ይመስለኛልና።

ፒካሶ ሰሌዳዎቹን ከ1930 እስከ 1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የቀረጸው ለፓሪሱ የሥዕል ነጋዴና አሳታሚ ለአምብሩዋዝ ቮላር ነበር። አታሚው ሮዤ ላኩርዬር በትንሹ ወረቀት 260፥ በትልቁ 50፥ በብራና 3 ቅጂ አወጣ። ነገር ግን ቮላር በሐምሌ 1939 በመኪና አደጋ ስለ ሞተና ወዲያውም ጦርነቱ ስለ ተከተለ፥ ሥራው ለገበያ ሳይቀርብ ቆየ። ኋላ አንሪ ፔቲዬ የተባለው ነጋዴ አብዛኛውን ገዛው።

ፒካሶ በብዙዎቹ ላይ የፈረመው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፥ ፔቲዬ ሉሆቹን በጥቂት በጥቂቱ ሲያቀርብለት ነው፤ ሳይፈረምባቸው የቀሩም አያሌ ናቸው። እንግዲህ ፊርማ የሌለውን ሉህ ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ያለበትም ቢሆን ፊርማው የኅትመቱን ዘመን አይነግረንም። የበለጠ የሚታመነው ምስክር ወረቀቱ ነው። ትንሹን ሉህ ወደ ብርሃን አንሥተው ቢመለከቱት በወረቀቱ አካል ውስጥ የፒካሶ ወይም የቮላር ስም ይታያል፤ በትልቁ ላይ ግን የሚነበበው የሞንጎልፊዬ ወረቀት ፋብሪካ ስም ነው። የብራና መጻሕፍታችንን ለሚመረምር ሊቅ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። ለክፈፍ ሲባል ጠርዙ የተቈረጠ ሉህ ግን ይህን ምስክር ሊያጣ ይችላል።

ፊርማ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ የዳሊ ነገር ያሳያል። በ1974 የፈረንሣይ ጉምሩክ ወደ አንዶራ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቁሞ፥ ዳሊ የፈረመባቸውን 40,000 ባዶ ወረቀቶች አገኘ። ፊርማው የራሱ ነው፤ በላዩ የሚታተመው ሥዕል የማን እንደሚሆን ግን ማን ይመሰክራል?

ስለዚህ መርማሪው ሉሁን በ1933 መታተም ከጀመረው ከበርንሃርት ጋይዘር ካታሎግና በ1968 ከወጣው ከጆርጅ ብሎክ ካታሎግ ጋር ያስተያያል። የኤግዚቢሽን ካታሎግም ራሱ የሚሰበሰብ ሥራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማርሴል ዱሻን ለ1947ቱ የፓሪስ ሱሪያሊስት ትርኢት ያዘጋጀው፥ ሽፋኑ ላይ የጎማ ጡት የተለጠፈበትና በ999 ቁጥር የተወሰነው ቅጂ እንዲህ ያለ ነው፤ በውስጡም የሠዓሊዎች የኅትመት ሥዕሎች ይገኙበታል። ትርፍ ፈልጎ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚበታትን ነጋዴ፥ የሥዕሉን የልደት ወረቀት እንደ ቀደደ ይቈጠራል። የቮላር መቶ ሥዕሎችም አብዛኛውን ጊዜ በየተራ ተሸጠው ስለ ተበተኑ ሙሉው ስብስብ በብዛት አይገኝም፤ የብሪቲሽ ሙዚየም በ2011 መቶውንም አንድ ላይ ሲያገኝ፥ ሉህን ከሉህ፥ ወረቀትን ከወረቀት ጋር ማስተያየት ለሚሻ ተመራማሪ ሁሉ በር ተከፈተለት።