ፓምፑ አልተበላሸም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። እዚሁ ሴቻ በፋይበርግላስ ትንሽ ጀልባ ሊሠራ፣ የፍሪጅ ጠጋኞች የሚይዙትን ቫኪዩም ፓምፕ ገዝቷል። «ቲቸር፣ ጌጁ ከ0.87 ባር አያልፍም!» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ተበላሽቷል፣ መልሰው» አልኩት። ልጁ ከሻጩ ጋር ተጣልቶ ተመለሰ።

ማታ ላይ ታሪኩ ትዝ አለኝና አፈርኩ። እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ሜርኩሪውን በቱቦ ውስጥ የያዘው የውጭው አየር ክብደት መሆኑን አስረዳ። በ1648 ደግሞ የፓስካል የእህቱ ባል ያንኑ ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ተራራ ወጣ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ለምን? ከላይ የሚጫነው አየር ስለቀነሰ!

ወዳጆቼ፣ ፓምፕ ፋይበርግላሱን አይጫነውም። ከፕላስቲኩ ሥር ያለውን አየር ያወጣል እንጂ የሚጫነው የውጭው አየር ነው። ሴቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ያለን አየር ራሱ 0.87 ባር አካባቢ ነው። አዲስ አበባማ ከዚህም ያንሳል። የፈለጋችሁትን ውድ ፓምፕ ብትገዙ ከዚህ አያልፍም።

ስለዚህ ስትመርጡ መጀመሪያ ቧንቧውን ዝጉና ፓምፑን አጥፉ። የጌጁ ቀስት ቶሎ ከወረደ ፕላስቲኩ ያፈሳል ማለት ነው፤ እሱን ድፈኑ። ማፍሰሱ አልቆም ካለ ብቻ በደቂቃ ብዙ አየር የሚያወጣ ፓምፕ ፈልጉ።

ነገ ከልጁ ጋር ሻጩን ይቅርታ ልንጠይቅ እንሄዳለን።