የባል ወንበር፣ የራስ ሥራ

ከመካከላችን ባሏን ቀብራ ሱቁን ወይም ማሳውን የተረከበች ጥቂት አይደለችም። «በባሏ ስም ነው የምትሠራው» ሲባልም ሰምተናል። ስለዚህ በዚህ እትም የወይዘሮ ፍሎረንስ ካንን ታሪክ መረጥን።

ወይዘሮ ፍሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1866 በአሜሪካ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በሳን ፍራንሲስኮ አስተማሩ። በ1899 ያገቧቸው አቶ ጁሊየስ ካንም አይሁዳዊ ነበሩ፤ በወግ አጥባቂው ሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ግዛት ምክር ቤት፣ ኋላም የአገሪቱ ኮንግረስ አባል ሆነዋል። ወይዘሮ ፍሎረንስ ለዓመታት የባለቤታቸውን የምክር ቤት ሥራ አብረው ሠርተዋል።

በ1924 መጨረሻ ባለቤታቸው አረፉ። በ1925 በማሟያ ምርጫ አሸንፈው ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ አይሁዳዊት ሆኑ። ያን ጊዜ የባላቸው ስም ረድቷቸው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አምስት ጊዜ ተመረጡ። ሴት ተቀምጣበት በማታውቀው የጦር ጉዳዮች ኮሚቴ ገቡ፤ በጀት በሚደለድለው ኮሚቴም ሠሩ። ሳን ፍራንሲስኮንና ኦክላንድን የሚያገናኘው ትልቁ ድልድይ እንዲሠራም ደከሙ። በኅዳር 1936 በምርጫ ተሸነፉ፤ ድልድዩ የተከፈተው በዚያው ወር ነበር።

ወንበሩ ከባላቸው መጣ፤ ሙያውን ግን ያገኙት ደመወዝ ሳይቆረጥላቸው ከሠሩባቸው ዓመታት ነው። እኛም የእህቶቻችንን እንዲህ ያለ ድካም ከሥራ እንቁጠረው።